በ10,000 ዶላር ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና፦ ቀላሏ ወይስ ጉልበተኛዋ?

10,000 ዶላር ይዞ ያገለገለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ትንሽ ስፖርት መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው አሜሪካ ውስጥ ምርጫ አያጣም። የሚቸግረው የመካሪዎቹ አለመስማማት ነው። አንዱ ወዳጁ ማዝዳ ሚያታ ገዝቶ እንዲገላገል ይመክረዋል። ሌላው በዚያው ገንዘብ ስድስት ሲሊንደር ያላት ቢኤምደብልዩ ዚ4፣ ታግሦ ከፈለገም ፖርሽ ቦክስተር ሊያገኝ እንደሚችል ይነግረዋል። ሁለቱም መኪና የሚያውቁ፣ ሁለቱም ለእሱ የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውን አላዋቂ ብሎ ጉዳዩን መዝጋት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚናገሩት ከልምድ ተነሥተው ነው፣ የሚያነሡት ሥጋትም እውነተኛ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለቱም በፊት ሊደመጥ የሚገባው ሦስተኛ ወገን ደግሞ አለ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ኑሯቸውን የመሠረቱት ታክሲና ኡበር እየነዱ ነው። ካምሪና ፕሪየስ የመረጡትም በምክንያት ነው። ለእነዚህ ሰዎች መኪና የእንጀራ መሣሪያ ነው፤ ከኋላ መቀመጫ የሌላት፣ የሕፃን ወንበር በወጉ የማይገጠምባት፣ በረዶ በወረደ ቁጥር ቆማ የምትውል መኪና ገንዘብ ማባከኛ ትመስላቸዋለች። ሌላ መኪና ለሌለው ባለ ቤተሰብ ይህ ሐሳብ ትክክል ነው፤ እኔም ለመከራከር አልሞክርም። አንዳንዱ ሰው ደግሞ «ውሎ አድሮ አገር ቤት ይዣት እገባለሁ» ብሎ ያሰላ ይሆናል፤ ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይህ ስሌት ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

በሌላ በኩል፣ ዓመቱን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሰው እሑድ ጠዋት ለራሱ ብሎ ሊነዳ መፈለጉን «ቅንጦት» ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። በቨርጂኒያ ተራሮች አናት ላይ 105 ማይል የሚዘልቀው ስካይላይን ድራይቭ ከዋሽንግተን የሁለት ሰዓት መንገድ አይሞላም። በመጸው ቅጠሉ ሲቀላ ጣሪያ ከፍቶ እዚያ መንዳት በዶላር የማይተመን ደስታ አለው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚመለከተው ለሥራና ለቤተሰብ የምትሆን ሌላ መኪና በሩ ላይ የቆመችለትን፣ ለሁለተኛዋ ግን ከ10,000 ዶላር በላይ ማውጣት የማይችልን ወይም የማይፈልግን ሰው ነው።

የቀላሏ መኪና ደጋፊዎች ክርክር ከታሪክ ይጀምራል። በ1960ዎቹ እንግሊዞች እንደ ኤምጂና ሎተስ ኤላን ያሉ ትናንሽ፣ ቀላል፣ ደስ የሚሉ ባለ ሁለት ወንበር መኪኖች ይሠሩ ነበር። ደስታቸው እውነት ነበር፤ ዘይት ማንጠባጠባቸውና የኤሌክትሪክ መስመራቸው ጣጣም እንዲሁ። ማዝዳ በየካቲት 1989 ቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ሚያታን ሲያቀርብ ያደረገው ያንን ደስታ ወስዶ ጣጣውን መተው ነው። 1.6 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ 116 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር፤ የኋላ እግር የሚነዳበት አካል፤ አምስት ማርሽ ያለው ማኑዋል ካምቢዮ፤ ሹፌሩ በእጁ አጥፎ ወደ ኋላ የሚጥለው የሸራ ጣሪያ። ክብደቷ 1,000 ኪሎ አይሞላም ነበር። በ2016 የምርቷ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ደረሰ። ይህ ቁጥር ለገዢው ትልቅ ትርጉም አለው፤ መለዋወጫው አዲሱም አሮጌውም በየቦታው ይገኛል፣ ያላያት መካኒክም ጥቂት ነው።

የእነሱ ዋና ነጥብ ግን ከዚህ ያልፋል። መኪናዋ ውስጥ ሊበላሽ የሚችለው ነገር ራሱ ጥቂት ነው። ጣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ሞተርም፣ ፓምፕም፣ ኮምፒዩተርም የለም። የመጀመሪያዎቹ 1.6 ሞተሮች የተሠሩት ቺንጊያው ድንገት ቢበጠስ እንኳ ቫልቭና ፒስተን እንዳይጋጩ ተደርገው ነው፤ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች እንጂ ሞተሩ አይወድምም። በሌሎች ብዙ መኪኖች ላይ ሞተር የሚያስቀይር ብልሽት እዚህ በመጠነኛ ወጪ ያልቃል። መሣሪያ ይዞ መሞከር የሚወድ ሰው በራሱ ግቢ ውስጥ ብዙውን ነገር ሊሠራላት ይችላል።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ተቃራኒው ወገን የሚያነሣቸው ጥያቄዎችም በዋዛ የሚታለፉ አይደሉም። የመጀመሪያዋ ትውልድ መመረት ያቆመችው በ1997 ነው። ሁለተኛዋ ከ1999 እስከ 2005 ባሉት ሞዴሎች ተሸጣለች። ስለዚህ ዛሬ የምትገኘው የመጀመሪያ ትውልድ ሚያታ ምንም ያህል ቀላል ብትሆን ጎማ ነክ ነገሮቿ፣ ቱቦዎቿና ሽቦዎቿ የሠላሳ ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። በ1990ና በ1991 መጀመሪያ በተሠሩት ላይ የክራንክ ዘንጉ የፊት ጫፍ አጭር በመሆኑ እየተላቀቀ ያስቸገራቸው ባለቤቶች አሉ። ከሁሉም በላይ ግን ጠላቷ ዝገት ነው። የጣሪያው ውኃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውኃው ከበሩ ሥር ባለው የጎን ብረት ውስጥ ይቀመጣል፤ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ያለው ብረት ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል። በሁለተኛዋ ትውልድ ላይ ደግሞ ከፊት ያሉት የሻንሲ ብረቶች ይዝጋሉ። ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ ጨው በሚረጭበት አካባቢያችን ይህ የንድፈ ሐሳብ ሥጋት አይደለም።

የደኅንነት ጉዳይም አለ፤ የቀላሏ መኪና ወዳጆች ቶሎ የሚያልፉት ይመስለኛል። በመጀመሪያዋ ትውልድ ላይ የተሳፋሪው ኤርባግ የመጣው በ1994 ሞዴል ነው፤ የጎን ኤርባግ ጨርሶ የላትም። እንዲህ ያለች ዝቅተኛ መኪና ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ ላይ በትልልቅ ፒክአፖችና ኤስዩቪዎች መካከል ስትሄድ ሹፌሩ ዓይኑ የሚያርፈው የእነሱ የጎማ ቸርኬ ላይ ነው። ደጋፊዎቿ ቅልጥፍናዋና ፍሬኗ ከአደጋ እንደሚያወጣት ይናገራሉ። ልክ ናቸው፣ ግን በከፊል፤ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ከኋላ የሚመጣበትን መኪና በቅልጥፍና ማምለጥ አይቻልምና።

አሁን ወደ ጉልበተኛዋ ወገን። ቢኤምደብልዩ ዚ3ን የሠራው እዚሁ አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በስፓርታንበርግ ፋብሪካው ነው፤ በ2003 ሞዴል በዚ4 ተተካች። የዚ4 ባለ 2.5 ሊትር ሞተር 184፣ ባለ 3.0 ሊትሩ 225 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ይህ ሞተር ለስላሳነቱ የታወቀ ነው፤ ዘይቱና ማቀዝቀዣው በወቅቱ ከተጠበቀለት ረጅም ዕድሜ ይሰጣል። በአውራ ጎዳና ላይ መኪናዋ ትረጋጋለች፣ ወንበሯ ወገብ አያደክምም፣ ጣሪያዋ ተዘግቶ የጎን ወሬ ይሰማል። ቦክስተር ደግሞ ሞተሯ ከወንበሩ ኋላ መሐል ላይ ስለሆነ ከፊትም ከኋላም የዕቃ ቦታ አላት፤ ለሁለት ሰው የሳምንት መጨረሻ ጉዞ ከሚያታ ይልቅ ትመቻለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ ስትሸጥ ዋጋዋ 40,000 ዶላር ገደማ ነበር። ይህን ያህል ምሕንድስና በአሮጌ ሚያታ ዋጋ ማግኘት ሲቻል ትንሿን መምረጥ ፍርሃት እንጂ ብልኀት አይደለም ባዮች አሉ፤ አባባላቸው ከባድ ቢመስልም ከሥሩ ያለው ስሌት ስሕተት የለበትም።

የስሌቱ ጎዶሎ ጎን ግን ከግዢው በኋላ ይመጣል። የመኪናዋ ዋጋ ወርዷል፤ የመለዋወጫዋና የባለሙያው የሰዓት ክፍያ ግን ከአዲሷ ጋር እኩል እንደሆነ ቆይቷል። የቢኤምደብልዩዎቹ የማቀዝቀዣ ክፍሎች፣ ማለትም የውኃ ማጠራቀሚያው፣ የራዲያተሩ ጫፎች፣ የቴርሞስታቱ ቤት፣ ፕላስቲክ በመሆናቸው በሙቀት ብዛት ይሰነጠቃሉ። ሹፌሩ የሙቀት መለኪያውን ሳያይ ጥቂት ደቂቃ ከነዳ የሲሊንደሩ ራስ ይጣመማል። የዚ4ን ጣሪያ የሚያንቀሳቅሰው የሃይድሮሊክ ሞተር የተቀመጠው ውኃ በሚጠራቀምበት ጥግ ላይ ነው፤ መውረጃው ሲደፈን ሞተሩ ውኃ ውስጥ ይዘፈቃል፣ ጣሪያው ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም።

ስለ ቦክስተር ሲነሣ ደግሞ የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ ሳይጠቀስ አይታለፍም። በ1997 እና በ2004 ሞዴሎች መካከል ባሉት ላይ ይህ ኩሽኔታ ሞተሩ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ነው፤ ከተሰበረ ብዙ ጊዜ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ጉዳዩ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሶ ለተወሰኑ ዓመታት ሞዴሎች በስምምነት ተቋጭቷል። እዚህ ላይ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ችግሩ ያላጋጠማቸው ባለቤቶች ካጋጠማቸው እጅግ ይበልጣሉ፤ «ቦክስተር ሁሉ ይፈነዳል» የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው። ኩሽኔታውን በተሻሻለ መተካትም ይቻላል፤ ካምቢዮው ለፍሪሲዮን ሲወርድ አብሮ ከተሠራ የጉልበት ዋጋው ይቀንሳል። ነገር ግን 10,000 ዶላር ብቻ ላለው ሰው የአደጋው ዕድል ትንሽ መሆኑ ብቻውን አያጽናናም። አደጋው ከደረሰ የሚጠፋው ገንዘብ በጀቱ በሙሉ ነውና።

መካሪዎቹን በጥሞና ሲያዳምጧቸው «አስተማማኝ» ሲሉ አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም። አንዱ አስተማማኝ የሚላት አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር የማትበላሸዋን ነው። ሌላው ብትበላሽም መንገድ ላይ የማትጥለዋን። ሦስተኛው ደግሞ ብትበላሽ በትንሽ ገንዘብ የምትነሣዋን። በደንብ የተያዘች ዚ4 በመጀመሪያው መለኪያ ከአሮጌ ሚያታ ብትበልጥ አይገርመኝም፤ ዕድሜዋ ያንሳል፣ ሞተሯ ጠንካራ ነው። በሦስተኛው መለኪያ ግን ሚያታን የሚወዳደራት የለም። በተወሰነ ገንዘብ ለሚገዛ ሰው ከሦስቱ መለኪያዎች የሚበልጠው ሦስተኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ገንዘብ ያለው ሰው ብልሽትን ይከፍልበታል፤ የሌለው ሰው መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቁሞ ይጠብቃል። ይህን የማይቀበል፣ «እኔ የምፈልገው ከመነሻው የማትበላሽ ነው» የሚል ሰውም ግን የራሱ ምክንያት አለው፤ በተለይ ጊዜው ከገንዘቡ የሚጠብበት ከሆነ።

የአምራቹ ስም ብቻውን ክርክሩን እንደማይዘጋ የምታሳየው ቶዮታ ኤምአር2 ስፓይደር ናት። በ2000 ሞዴል አሜሪካ የገባችው ይህች መኪና ቀላል ናት፣ ሞተሯ መሐል ላይ ነው፣ ሞተሩም በዚያን ጊዜዋ ኮሮላ ላይ የነበረው ባለ 1.8 ሊትር ነው። ኮሮላን ከአገር ቤት ጀምሮ ለሚያምን የእኛ ሰው ይህን መስማት ልብ ያሞቃል። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተሮች ላይ የፒስተን ሪንጎቹ ዘይት ያሳልፋሉ። በማርሚታው መግቢያ ላይ ያሉት ትናንሽ ካታሊቲክ ኮንቨርተሮች ሲፈረካከሱ ፍርስራሹ ወደ ሞተሩ ተመልሶ ሲሊንደሩን ይበላል። የዕቃ ቦታዋም ከሞላ ጎደል የለም ማለት ይቻላል፤ በቁጥር ጥቂት ስለተሸጠችም የአካሏ ክፍሎች በቀላሉ አይገኙም። ይህ ሁሉ የተስተካከለላት ኤምአር2 ግሩም መኪና ናት፤ «ቶዮታ ናትና ምን ትሆናለች» ብሎ ሳያስመረምር የሚገዛ ሰው ግን ይጎዳል። ሆንዳ ኤስ2000ን ያልጠቀስኩት ሰብሳቢዎች ዋጋዋን ከዚህ በጀት በላይ ስለወሰዱት ነው።

ከመኪናዋ ዓይነት ቀጥሎ ሰዎችን የሚከፋፍለው ጥያቄ የማይልና የዕድሜ ነው። አንዳንዱ ገዢ 40,000 ማይል ብቻ የሄደች የ2001 መኪና ሲያይ ልቡ ይሄዳል። ሌላው 120,000 ማይል ሄዳ በየዓመቱ ዘይቷ የተቀየረላትን ይመርጣል። የትንሽ ማይል ደጋፊዎች ነጥብ ግልጽ ነው፤ ያልተሠራበት ፍሪሲዮን፣ ያላለቀ ካምቢዮ፣ ያልተቀደደ ወንበር። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ቆሞ መኖር ለመኪና ሥራ ያህል እንደሚጎዳ ያስረዳሉ። የማኅተም ጎማዎች ይደርቃሉ፣ የፍሬን ዘይት ውኃ ይስባል፣ የጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ራሱ ያረጃል፣ ቺንጊያው የሚቀየረው በማይል ብቻ ሳይሆን በዓመትም ነው። የሚያታ ቺንጊያ በተለምዶ በየ60,000 ማይሉ እንዲቀየር ይመከራል፤ 40,000 ማይል ብቻ የሄደች መኪና ላይ ግን ሃያ ዓመት ያለፈው ቺንጊያ ሳይነካ ሊገኝ ይችላል።

ይህን ክርክር በአንድ ቁጥር መፍታት የሚቻል አይመስለኝም። ሁለቱንም ወገን የሚያቀራርበው ደረሰኝ ነው። በፋይል የተያዘ፣ ቀን ያለው፣ ማይሉ የተጻፈበት ደረሰኝ ይዞ የመጣ ሻጭ ስለ ራሱም ስለ መኪናውም ብዙ ይናገራል። ማቀዝቀዣው መቼ ተቀየረ? ፍሪሲዮኑስ? የጣሪያው ውኃ መውረጃ ተጠርጎ ያውቃል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሳያመነታ የሚመልስ ሰው ያላት 120,000 ማይል የሄደች መኪና፣ ታሪኳ ከማይታወቅ ባለ 40,000 ማይል መኪና እንደምትሻል እኔ በበኩሌ አምናለሁ። ታሪኳ የሚታወቅ ሆና ማይሏም ትንሽ የሆነች ከተገኘች ደግሞ ዋጋዋ ከበጀቱ በላይ መሆኑ የማይቀር ነው።

ጣሪያውም የራሱ ሁለት ወገኖች አሉት። ከ2007 ሞዴል ጀምሮ ማዝዳ በሚያታ ላይ በኤሌክትሪክ የሚታጠፍ ደረቅ ጣሪያ አማራጭ አቅርቧል። በ12 ሰከንድ ገደማ ይከፈታል፣ የዕቃ ቦታውንም አይነካም። ሌሊት መንገድ ዳር ለሚያቆም ሰው ቢላዋ የማይቀደው ጣሪያ ትልቅ ነገር ነው፤ በክረምትም ሙቀት ይይዛል፣ ጩኸትም ይቀንሳል። ሸራው ግን ቀላል ነው፣ ብልሽት አያውቅም፣ ቢቀደድም ማንኛውም የመኪና ወንበርና ሸራ ሠሪ ሊቀይረው ይችላል፤ ቅያሪው ከነጉልበቱ ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር ማለፉ ግን አይዘነጋ። የደረቁ ጣሪያ ሞተር ወይም ማንሻ ከተበላሸ ሥራው ልዩ ዕውቀት ይጠይቃል። ጋራዥ ያለው ሰው ሸራውን ቢወስድ፣ መንገድ ዳር የሚያቆም ደረቁን ቢያስብበት ምክንያታዊ ይመስለኛል።

ስለ ካምቢዮ ብዙ አልልም። አገር ቤት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተማረው በማኑዋል ነው፤ በእነዚህ መኪኖች ላይ ማኑዋሉ ቀላልም ርካሽም ነው፣ ለመሸጥም ይቀላል። የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ አውቶማቲክ ብቻ የሚነዳ ከሆነ ግን ያ ምክንያት ከሁሉም ይበልጣል።

ምርመራን በሚመለከት ግዛቶቹ ይለያያሉ። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደኅንነት ፍተሻ ይጠይቃል፤ ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ባለቤት ሲቀይር ያስፈትሻል፤ ዲሲ ለግል መኪኖች የደኅንነት ፍተሻን ትቷል። በቨርጂኒያ በየዓመቱ በመኪና ዋጋ ላይ የሚጣለው የንብረት ግብርም ስላለ ርካሿ መኪና እዚያ ላይ ትጠቅማለች። አንዳንዶች የግዛቱ ፍተሻ ካለፈ ሌላ ምርመራ ገንዘብ ማባከን ነው ይላሉ። ፍተሻው ጠቃሚ መሆኑን አልክድም፤ የሚያየው ግን ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማና መሪ ነው። የሞተር ኩሽኔታን፣ የዘይት ፍጆታን፣ በምንጣፉ ሥር ያለውን ዝገት አያይም። ስለዚህ ጥቂት መቶ ዶላር ከፍሎ መኪናዋን ለገዢው ብቻ በሚሠራ መካኒክ ማስመርመር ይሻላል። በአሌክሳንድሪያም ሆነ በሲልቨር ስፕሪንግ ካሉ የእኛ ሰዎች ጋራዦች አንዱን የሚያምን ሰው ብዙ ነው፤ እምነቱም የሚገባ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ በቶዮታ ላይ ጠቢብ የሆነ ሰው በቦክስተር ላይ ያው ጠቢብ ላይሆን ይችላል፤ ጥሩ መካኒክም ይህን ሲጠየቅ ራሱ ይናገራል። 17 አሐዝና ፊደል ያለውን የሻንሲ ቁጥር በብሔራዊው የመንገድ ደኅንነት ተቋም ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪ መኖሩን ማየት ደግሞ በነጻ ነው።

ይህን ሁሉ ካገናዘብኩ በኋላ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን እንዲያዘነብል ካስፈለገ፣ የእኔ የሚያዘነብለው ሁለቱም ወገኖች ብዙ ወደማይወዷት መኪና ነው፦ ወደ ሦስተኛዋ ትውልድ ሚያታ፣ ከ2006 እስከ 2015 ባሉት ሞዴሎች። የቀላሏ ወዳጆች ወፍራለች ይሏታል፤ ከመጀመሪያዋ ከ100 ኪሎ በላይ ትከብዳለችና አልተሳሳቱም። የጉልበተኛዋ ወዳጆች ባለ 2.0 ሊትር ሞተሯና 170 የማይበልጠው የፈረስ ጉልበቷ አያረካቸውም፤ እነሱም አልተሳሳቱም። ሆኖም በቺንጊያ ፋንታ ሰንሰለት አላት፣ የጎን ኤርባግ አላት፣ የኋላ መስኮቷ መስታወት ነው፣ ዕድሜዋም ከቀደሙት ያንሳል። የሚያታነቷ ቀላልነትና የመለዋወጫዋ ብዛት ደግሞ አልጠፋም። በ2009 ማዝዳ የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አጠናክሯል፤ ስለዚህ ከ2009 ወዲህ ያለችውን ማግኘት የሚችል ያንን ይምረጥ። ከዚያ በፊት ባሉት ላይ ዘይት ጎድሎ በመነዳቱ የሞተር ኩሽኔታ የተበላባቸው ስላሉ፣ ዘይት መለኪያዋን አውጥቶ ማየት የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል በሆነው ስካይላይን ድራይቭ ላይ የዚ4 225 የፈረስ ጉልበት የሚሠራው ነገር ብዙ አይደለም፤ እዚያ ለመድረስ በሚነዳበት ኢንተርስቴት 66 ላይ ግን ዚ4 እንደምትመች አልክድም።

በጀቱንም ቢሆን ሁሉንም ለግዢ ባላውለው እመርጣለሁ። 7,500 ወይም 8,000 ዶላር ለመኪናዋ፣ ቀሪው ለጎማ፣ ለፍሬን፣ ለዘይቶችና ላልታሰበ ነገር። በዚህ የማይስማሙ ሰዎች ገንዘቡን በሙሉ አውጥቶ የተሻለች መኪና መግዛት በኋላ የሚመጣውን ወጪ ያስቀራል ይላሉ። ሻጩ ሥራውን ሁሉ አስቀድሞ በደረሰኝ ካሠራ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያለዚያ ግን ማንኛዋም ያገለገለች መኪና በመጀመሪያው ዓመት የሆነ ነገር መጠየቋ አይቀርም።

ከዚህ አቋሜ የሚያስወጡኝ ነገሮች አሉ። ማቀዝቀዣዋ በቅርቡ ሙሉ በሙሉ የተቀየረላት፣ የጣሪያዋ ሞተር ከውኃው ጥግ ወደ ደረቅ ቦታ የተዛወረላት፣ ይህንንም የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ያላት ዚ4 ከተገኘች፣ ገዢውም በዋጋ የሚስማማው ቢኤምደብልዩ የሚያውቅ መካኒክ በአቅራቢያው ካለው፣ እሷን ቢወስድ አልከለክለውም። ብዙ ጊዜውን በአውራ ጎዳና ላይ የሚያሳልፍ ከሆነማ ይልቁንም እደግፈዋለሁ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን ወደ ማዝዳዋ እመለሳለሁ፤ እሷንም ቢሆን ከምንጣፏ ሥር ያለው ብረት ሳይታይ፣ ጣሪያዋ ላይ ውኃ ፈስሶ መውረጃው ሳይሞከር ገንዘብ መቁጠር አይገባም።